የታውኖ የኪስ ዶላር

ሳንቲም ሰብሳቢ ከማግባት ጠጪ ማግባት ይሻላል እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ስለፈልፍ ኖሬያለሁ። ጠጪ ሲሰክር ቢያንስ ያለቅሳል፣ ይዘፍናል፣ ሚስቱን ያቅፋል። ሰብሳቢ ግን እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቆ፣ አንዲት አሮጌ ዶላር በጠርዟ ብድግ ያደርግና ትንፋሹን ውጦ ያያታል። ምራቅ እንዳይነካት ብሎ አፉን እንኳ አይከፍትም። ሚስቱ ከኋላው ቆማ እራት ቀርቧል ብትለው የሚሰማ ጆሮ የለውም። ወንድሜ ታውኖ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። እኔ ታናሽ እህቱ ሄልሚ ነኝ። ከእሱ በላይ የምወደው ሰው አልነበረኝም፤ ከእሱ በላይ የነዘነዝኩትም የለም።

እኛ ልጆች ሳለን እዚህ ቢዩት፣ በመዳብ ማዕድን ከተማችን፣ ደመወዝ የሚከፈለው ከብር በተሠራ ዶላር ነበር። የወረቀት ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ካዩ ከምሥራቅ ከተሞች የመጣ እንግዳ ነው ይሉታል። ወደ መዳብ ጉድጓድ የሚወርድ ሰው ሁሉ፣ ፊንላንዱም አየርላንዱም ክሮአቱም፣ ከመጀመሪያ ደመወዙ አንዷን ሳያጠፋ ኪሱ ያስቀራል። የኪስ ዶላሩ ያቺ ናት። አትመነዘርም፣ ለማንም አትሰጥም። ሰብሳቢዎቹም፣ ያን ሁሉ ጓንትና ያን ሁሉ ጥንቃቄ የሚያበዙት ሰዎች፣ የኪስ ዶላራቸው ላይ ሲደርሱ ሌላ ሰው ይሆናሉ። በባዶ እጃቸው ይይዟታል፤ ሲጨንቃቸውም ሲደላቸውም በአውራ ጣታቸው ያሿታል። ዶላሯ በአንድ በኩል የሴት ፊት፣ በሌላው በኩል ክንፉን የዘረጋ ንስር አለባት። ስትታሽ ስትታሽ ኖራ የሴትየዋ ፊት ይጠፋና ዶላሯ እንዳለቀ ሳሙና ልሙጥ ትሆናለች።

የኪስ ዶላርን አውጥቶ ለሰው ማሳየት ነውር ነው። የምትታየው ባለቤቷ ሲሞት ነው። ያኔ ቀኝ እጁ ውስጥ ትደረጋለች፤ የሳንቲም ሰብሳቢዎቹ ማኅበር ሰዎች በሬሳ ሣጥኑ አጠገብ እያለፉ ያዩዋታል፤ ከዚያ ክዳኑ ይዘጋል። ደንባቸው ይሄ ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ ያለ ዶላሩ የተቀበረ አንድም የማኅበሩ ሰው የለም።

ታውኖ ማንዳን ባገባ በዓመቱ ጉድጓዱ ተደረመሰበት። ማንዳ የክሮአቶቹ ልጅ ናት። እናታችን ፊንላንድኛችንን የማትሰማ ሴት አመጣብኝ ብላ አኩርፋ ስለነበር፣ እኔና ማንዳ እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። ያን ጊዜ ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ በረዶው ውስጥ፣ ተቃቅፈን ቆምን። አብረውት የነበሩት ሰዎች ሞተዋል። እሱን ከዓለቱ ሥር ለማውጣት ቀናት ፈጀባቸው፤ የራስ ቁሩ መብራት ገና በመጀመሪያው ቀን ጠፍቶበት ነበር። ሲያወጡት ብርሃኑ እንዳይጎዳው ዐይኑን በጨርቅ ሸፍነውለታል። ቀኝ እጁ ጭብጥ እንዳለ ነው፤ ሐኪሙ ሊከፍተው ቢሞክር አሻፈረኝ አለ። ማንዳ ስታቅፈው በዚያ በደረቀ ከንፈሩ፣ "ፊትሽ አልጠፋኝም" አላት። ሌላ አንድም ቃል አልተናገረም።

ካገገመ በኋላ ይህችን ቃል ይዤ ስንት ዓመት እንዳበሸቅኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እራት ላይ ካረፈደ፣ "ተዉት፣ የማንዳ ፊት ጠፍቶት እያፈላለገ ነው" እላለሁ። ጠረጴዛው በሳቅ ያውካካል። እሱም አብሮ ይስቃል። እጁ ግን ወዲያው ወደ ኪሱ ይገባል።

ባለፈው የካቲት ሳንባው እምቢ አለ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ የዋጠው አቧራ ነው፤ ሐኪሞቹ የላቲን ስም ይሰጡታል እንጂ እኛ ከሕፃንነታችን የምናውቀው ሞት ነው። ሆስፒታል ተኝቶ፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተደርጎለት፣ ማንዳን ጠጋ በይ አላት። እኔም አልጋው ግርጌ ተቀምጬ ነበር።

"ቤት በቀረው ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ናት" አላት። "ያለ እሷ መሬት ውስጥ እንዳታስገቢኝ። እዚያ ታች ጨለማ ነው፣ ማንዳ።"

"ራሴ ነኝ የማስይዝህ" አለችው። "ልብህን አሳርፍ።"

ማንዳ ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። በዚያው ሳምንት አረፈ፤ እሷም ከሁሉ በፊት ያስታወሰችው ዶላሯን ነው። ቤት ገብታ ሱሪውን ብትፈልግ ግን ሱሪው ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጎረቤታችን እግዜር ይስጣት፣ ለቅሶ ቤት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት፤ ልብሱን ሁሉ አጥባዋለች። ኪሱ ውስጥ ያገኘቻትን ዶላር ምን እንዳደረገቻት ስትጠየቅ ደስ እያላት ነገረችን። ቁም ሣጥኑ ላይ ወዳለው የቡና ቆርቆሮ ጨምራታለች፤ እዚያ ውስጥ ብዙ መሰሎቿ ነበሩና።

ቆርቆሮው ግን ባዶ ነበር። ታውኖ በሕይወቱ ሳለ ያገኛቸውን፣ ለክምችቱ የማይበቁትን ዶላሮች ሁሉ እዚያ ሲወረውር ኖሯል። የቀብሬ ምሳ ከቆርቆሮዬ ይውጣ ብሎም ተናዝዟል። ስለዚህ ማንዳ ገና ከሆስፒታል ሳትመለስ ዊልፍሬድ መጥቶ ሙሉውን ወስዶታል።

ዊልፍሬድ የወንድሜ የነፍስ ጓደኛ ነው። አባቱ ከእንግሊዝ የቆርቆሮ ማዕድን ጉድጓዶች የመጣ ሰው ነበር፤ ዊልፍ እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ጉድጓድ ወርዶ፣ እዚሁ ሚስቱን ኤድናን ቀብሮ ብቻውን የቀረ፣ ሲናገርም ሲበላም የማይቸኩል ሽማግሌ ነው። በከተማው ውስጥ አሮጌ ዶላር ያለው ሁሉ እሱ ሳያይለት አይሸጥም። ደወልንለትና እየተንደረደረ መጣ። ማንዳ የሆነውን ስትነግረው ባርኔጣውን እንደያዘ በሩ ላይ ክው ብሎ ቀረ።

ያደረገውን ነገረን። ቆርቆሮውን እዚሁ የታውኖ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ፣ ሰብሳቢ እንደሚያደርገው ሁሉንም ፊት ፊታቸውን ወደ ላይ መልሶ፣ ለሁለት ከፍሏቸዋል። ፊታቸው ያለቀውን በጆንያ አድርጎ በክብደት ለሚገዛው ነጋዴ አስረክቧል፤ ነጋዴው እነዚያን ለማቅለጫ ነው የሚልካቸው። ፊታቸው ደህና የሆኑትን ደግሞ ከቀብሩ በኋላ በማጉያ መነጽር እመለከታቸዋለሁ ብሎ ቤቱ፣ ከፋይ በተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ ደርድሯቸዋል። የሟችን ደህና ዶላር ሬሳው ሳይቀበር መመርመር በእነሱ ዘንድ ድፍረት ነው። የታውኖ የኪስ ዶላር ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ስትታሽ የኖረች ናት። ስለዚህ ያለጥርጥር ጆንያው ውስጥ ናት፤ ጆንያው ደግሞ ነጋዴው ጋ ነው።

"ስትለየው እንኳ አላወቅካትም?" አልኩት። "የሠላሳ ዓመት ጓደኛህን ዶላር?"

"አሳይቶኝ አያውቅም፣ ሄልሚ። አይታይም እኮ።"

አፌ ላይ የመጣውን ስድብ ዋጥኩት። ሰውየው አንጀቴን በላኝ፤ ዐይኑ በልቅሶ ብዛት አብጦ ነበር። ያን ቆርቆሮ ሲለይ እንባው እየጋረደው እንደነበር ጎረቤታችን በኋላ ነግራኛለች።

ሦስታችንም በእሱ መኪና ነጋዴው ጋ ሄድን። ጆንያው ደግነቱ ገና አልተላከም። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ፣ ዘረገፈልን። የታውኖ ብቻ ሳይሆን የሌላም ሰው ተቀላቅሎበታል። ዊልፍ አንድ በአንድ እያነሳ ፊቷን ያያል፤ ጨርሶ የለሰለሰችውን ለማንዳ ያቀብላታል። ማንዳ ዐይኗን ጨፍና በአውራ ጣቷ ታሻታለች። በስንቱ ሌሊት ከጎኔ ተኝቶ እጁ ውስጥ ነክቻታለሁ፣ ብነካት አላጣትም ብላለች። ታሻለች፣ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፣ ታስቀምጣለች። ነጋዴው ሻይ አቀረበልን፤ ማንም ሳይነካው ቀዘቀዘ። የጆንያው መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ማንዳ እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"እዚህ የለችም" አለች።

እንደገና እንይ አልናት። እንደገና ታየ። የለችም። መኪና ውስጥ ስንመለስ ማንዳ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ያልኩት ውሸት ሆነ፣ ውሸት ነግሬው ሞተ፣ እያለች ለራሷ ታጉተመትማለች። እኔ እንግዲህ በአምላክም በሙታን መንፈስም ብዙ የምጨነቅ ሰው አይደለሁም። ግን ወንድሜ ያን ጨለማ እንዴት እንደሚፈራው አውቃለሁ። ከጉድጓዱ ከወጣ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ የመኝታ ቤቱን መብራት አጥፍቶ አልተኛም። አሁን ግን ያለ ዶላሩ አፈር ሊለብስ ነው።

ቀብሩ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የካቲት እዚህ መሬቱ ከውርጩ የተነሣ ድንጋይ ነው፤ ቆፋሪዎቹ ከዋዜማው ጀምሮ እሳት አንድደው ነው ያለሰለሱት፤ ከቆየ መልሶ ይደርቃል። ስለዚህ ቀብር አስፈጻሚው ኦሪን፣ ገና ወጣት ልጅ ነው፣ ሰዓት ሰዓቱን ያያል። የማኅበሩ ሽማግሌዎች ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ታውኖ ሣጥኑ ውስጥ በደህናው ልብሱ ተጋድሟል፤ ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ ባዶዋን ናት። ሁሉም ያዩዋትና ዐይናቸውን ይሰብራሉ።

ዊልፍ ወደ ማንዳ ቀረበና እጁን ኪሱ ከተተ። የራሱን የኪስ ዶላር አወጣት። በሰው ፊት። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ እኔ ግን አየሁ። ዕድሜ ልኩን አውራ ጣቱ ሠርቶባት የሴትየዋ ፊት ጨርሶ የለም።

"ይችን ይያዝ" አላት። "ጥፋቱ የኔ ነው። ባዶ እጁን አይሂድ።"

"አንተስ በምን ትሄዳለህ?" አለችው ማንዳ።

"የኔ ነገር ይታሰብበታል።"

ማንዳ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ነው። ዊልፍ ጎንበስ አለና የታውኖን ጣቶች ቀስ ብሎ ዘርግቶ፣ ፊት የነበረውን ልሙጡን ወገን ወደ ላይ አድርጎ፣ አውራ ጣቱ ሥር አስቀመጠለት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚይዛት፤ ለማሸት የሚመቸው እንደዚያ ነው።

"እንደሱ አይደለም" አለች ማንዳ። "ገልብጣት።"

"ምን አልሽ?"

"ታውኖ ፊቷን ወደ መዳፉ አድርጎ ነው የሚይዛት። አውራ ጣቱ የሚያርፈው ንስሩ ላይ ነበር። የሰው ዶላር ብትሆንም እንደለመደው ትያዝለት።"

ዊልፍ እጁን መዘርጋት ጀመረና መሀል ላይ ቆመ።

"ሁልጊዜ?" አላት።

"ሁልጊዜ። አይቻት አላውቅም፤ እሱ ነው የነገረኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው እንዲህ ይሻላል ብሎኛል።"

ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ። የሬሳ ሣጥኑን ጠርዝ ያዘ።

"እንግዲያ ያለቀው ንስሩ ነው" አለ። "ፊቷ አላለቀም። እኔ ፊቷን አየሁና ደህና ናት ብዬ… ሄልሚ፣ ቤቴ ናት። ሣጥኔ ውስጥ በእጄ ደርድሬያታለሁ።"

ባርኔጣውን ሳያደርግ ወጣ። በዚያ ዕድሜው በረዶው ላይ ሲሮጥ በመስኮቱ አየሁት። ኦሪን ወደ ማንዳ ጠጋ ብሎ፣ ወይዘሮ ማንዳ፣ ቆፋሪዎቹ እየጠበቁ ነው፣ መሬቱ ይደርቅብናል፣ ምናልባት ክዳኑን እንድንዘጋ ቢፈቅዱ አላት። ልጁ ሥራው ነው፣ አልፈርድበትም፤ ያን ጊዜ ግን ፈረድኩበት። ከደረቀ እሳት መልሰው ያንድዱ፣ እንጨቱ ካነሳቸው የቤቴን ወንበር ፈልጠው ይውሰዱ፣ ይህን ክዳን የነካ ሰው እጁን አብሬ ነው የምዘጋበት አልኩት። ወደ ግድግዳው አፈገፈገ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወንበር ስቦ ለማንዳ ሰጣት፤ ሌሎቹ እንደቆሙ ጠበቁ።

ዊልፍ የዶላሮቹን ሣጥን በሁለት እጁ አቅፎ ተመለሰ። ጓንት አላጠለቀም፤ ለዚያ ጊዜ አልነበረውም። መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ ከፈተውና ዶላሮቹን እያነሳ መገልበጥ ጀመረ። ንስር፣ ንስር፣ ንስር። ሁሉም ላይ አለ። ከዚያ አንዷን ሲገለብጣት ጀርባዋ ላይ ምንም አልነበረም። ክንፍ የለ፣ ጽሑፍ የለ፣ ጥፍር የለ፤ የታውኖ አውራ ጣት የሚያርፍባት መሀሏ እንደ ማንኪያ ትንሽ ጎድጉዳለች። ዊልፍ በዝግታ ወደ ፊቷ መለሳት። የሴትየዋ ፀጉር ክር ክሩ ይታያል፤ ከንፈሯም፣ ቅንድቧም አለ።

"እንዲህ ያለች ዶላር አይቼ አላውቅም" አለ። "ሁላችንም ፊቷን ስንጨርስ እሱ ብቻ… ለምንድን ነው እንዲህ ያደረገው?"

ማንዳ ተነሥታ መጣች። ዶላሯን ስታያት የመጀመሪያዋ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ በሰብሳቢዎች ስትስቅ የኖረች ሴት፣ ጣቷ ፊቷ ላይ እንዳያርፍ ተጠንቅቃ፣ በጠርዟ ያዘቻት። ከመስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ረጅም ጊዜ ተመለከተቻት።

"ጨለማው ውስጥ ፊቴ እንዳይጠፋው ነው" አለች። "ነግሮኝ ነበር እኮ። ገና ሲያወጡት ነግሮኛል። እኔ እንደ ቀልድ ይዤው ኖርኩ።"

ቀልዱ የእኔ ነበር፤ እሷም ታውቃለች፤ ግን ወደ እኔ አላየችም። እኔ ያኔ ነው ያለቀስኩት። ወንድሜ ሲሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። እዚያ ታች፣ ዓለቱ ሥር፣ መብራት በሌለበት፣ አንዲት ዶላር ይዞ፣ ማሸት ሲያምረው እንኳ ፊቷን እንዳያጠፋት ወደ ውስጥ ሲያዞራት ታየኝ። ከወጣም በኋላ ያን ሁሉ ዓመት፣ እራት ላይ እኔ ስቀልድበት፣ ኪሱ ውስጥ እንደዚያው አዙሮ ይዟት ነበር።

ማንዳ ወደ ሬሳ ሣጥኑ ሄደች። የዊልፍን ዶላር አውጥታ ለዊልፍ መለሰችለት። የታውኖን ደግሞ ፊቷን ወደ መዳፉ አድርጋ አስቀመጠች፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፤ አውራ ጣቱን ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ አሳረፈችው። ልክ ገጠመ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ አለፉ፤ የተጨበጠ እጅ ብቻ አዩ፤ አንዳቸውም ከፍታችሁ አሳዩን አላሉም።

"አሁን ዝጋው" አለችው ማንዳ ኦሪንን።

ከቀብሩ መልስ በአዳራሹ ምሳ ተበላ። ሥጋና ድንች የታጨቀበት ፓስቲ ነበር፣ ታውኖ እንደተናዘዘው ከቆርቆሮው የተገዛ። ዊልፍ አጠገቤ ተቀምጦ ምግቡን አልነካውም። ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ የራሱን ዶላር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት፣ በሰው ፊት፣ ለሁለተኛ ጊዜ በአንድ ቀን። ልሙጧን ፊት በጣቱ ነካት።

"ሄልሚ" አለኝ፣ "አንቺ ኤድናን በደንብ ታውቂያት ነበር። ፎቶዋ አለኝ፣ ግን ፎቶው ላይ ኮስተር ብላለች። ስትስቅ ፊቷ እንዴት ነበር?"

ለማንም መልስ የማያጣው ምላሴ ያን ቀን ቀልድ አላመጣልኝም። ወንበሬን ወደ እሱ ጠጋ አድርጌ የማስታውሰውን ሁሉ ነገርኩት። ስትስቅ የግራ ዐይኗ ከቀኙ ቀድሞ እንደሚጨፈን፣ ጥርሷን በእጇ እንደምትሸፍን፣ ጉንጯ ላይ ትንሽ ጉድጓድ እንደነበራት። ዊልፍ ዐይኑን ጨፍኖ ሰማኝ፤ ስጨርስም፣ እስቲ ከመጀመሪያው ድገሚልኝ አለኝ።